ከፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ቤት ውስጥ ማስታመም፦ ካቴተሩ፣ የሽንት ማምለጡና ያፈርንበት ጥያቄ

የጓዳ መብራት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ፕሮስቴቱ ሙሉ በሙሉ በቀዶ ሕክምና ወጥቶለት ከነገ ወዲያ ወደ ቤት ይመጣል። ካቴተሩ (ሽንት የሚያወርደው ቱቦ) እንዳለ ነው የሚመጣው፤ 10 ቀን ይቆያል ብለውናል። እግር ላይ የሚታሰር ትንሽ የሽንት ከረጢትና ለሌሊት የሚሆን ትልቅ ከረጢት ሰጥተውናል። በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ የደም መርጋት መከላከያ መርፌም አለ። የተሰጠን ወረቀት «ንጽሕና ይጠበቅ፣ ችግር ካለ ይምጡ» ከማለት አያልፍም፤ ችግር የሚባለው የትኛው እንደሆነ ግን አይናገርም።

ካቴተሩን በየቀኑ ምን ምን አደርገዋለሁ? ሽንቱ ላይ ደም ሳይ መደንገጥ ያለብኝ መቼ ነው? ካቴተሩ ከወጣ በኋላ ሽንት ያመልጠዋል ይባላል፤ ለምን ያህል ጊዜ ነው፣ ምንስ አዘጋጅቼ ልጠብቅ? የመጨረሻው ሐኪሙ ፊት ሁለታችንም አፍረን የተውነው ነው፤ የባልና ሚስት ነገር ወደ ነበረበት ይመለሳል ወይ?

የዎርድ ነርስ

ይማርልሽ እህቴ። የካቴተሩን እኔ ልመልስ፣ ሌላውን የሚያውቁት ይጨምሩበት።

ፕሮስቴት የነበረው በሽንት ፊኛ አንገትና በሽንት መውጫው ቧንቧ መካከል ነው። እሱ ሲወጣ ሐኪሙ ፊኛውን ወደ ታች ስቦ ከቧንቧው ጋር ሰፍቶታል። ካቴተሩ የሚያልፈው በዚያ አዲስ ስፌት መሃል ነው። ሽንት ማውረጃ ብቻ አይምሰልሽ፤ ስፌቱ እስኪጠግግ ደግፎ የሚይዘው እሱ ነው። ጫፉ ላይ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ የተሞላ ትንሽ ኳስ አለ፤ ፊኛው ውስጥ ሆኖ ቱቦው ተንሸራቶ እንዳይወጣ ያደርጋል። ቱቦው በተሳበ ቁጥር ያ ኳስ የሚጎትተው ስፌቱን ነው። ለዚህ ነው ቤት ውስጥ ዋናው ሥራሽ ቱቦው እንዳይሳብና እንዳይዘጋ መጠበቅ የሚሆነው።

መጀመሪያ የምታዪው ቱቦው የላይኛው ጭኑ ላይ በደንብ መያዙን ነው። ከብልቱ እስከ ማሰሪያው ድረስ ትንሽ ላላ ያለ ትርፍ ተዪለት። ካሰርሽ በኋላ ቁጭ ብድግ ይበል፣ እግሩን ይዘርጋ፤ በአንዱ እንቅስቃሴ እንኳ ቱቦው ከተወጠረ ማሰሪያውን ወደ ላይ አምጪው። በየቀኑ ከአንዱ ጭን ወደ ሌላው ብታዛውሪው ቆዳው አይቆስልም።

እጥበቱ በቀን ሁለቴ ነው፤ ሽንት ቤት ተቀምጦ ከተነሳ በኋላም። እጅሽን ታጥበሽ ለብ ያለ ውሃና ሽታ የሌለው ሳሙና ይበቃሻል። አልኮል፣ ፀረ ተባይ ፈሳሽ፣ ፓውደር አያስፈልግም፣ ቆዳውን ያቃጥላል። በአንድ እጅ ቱቦውን ብልቱ ጫፍ ላይ ያዢው፤ በሌላው ከዚያ ጀምረሽ ወደ ከረጢቱ አቅጣጫ አንድ ስንዝር ያህል ጥረጊ። መልሰሽ ወደ ላይ አትጥረጊ፣ ጀርሙን ወደ ውስጥ ትወስጂዋለሽ። ጫፉ ላይ የሚደርቀው ቡናማ ቅርፊት ደም የነካው ንፍጥ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነሽ ሁለት ሦስት ደቂቃ ብታቆዪው ራሱ ይለቃል፣ ፍቀሽ አታንሺው። ያልተገረዘ ሰው ከሆነ ሸለፈቱ ወደ ኋላ ተሰብስቦ ይታጠብና የግድ ወደ ቦታው ይመለስ፤ ተሰብስቦ ከቀረ ጫፉ ያብጥና ይታነቃል።

የእግሩ ከረጢት ከ500 እስከ 750 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ የሌሊቱ 2 ሊትር። ከግማሽ አለፍ ሲል ይደፋ፤ ሞልቶ ከተንጠለጠለ ክብደቱ ቱቦውን ይስባል። ማታ የእግሩን ከረጢት ከካቴተሩ አትንቀዪው። የሌሊቱን ከእግሩ ከረጢት መውጫ ጋር ትቀጥዪና የመካከሉን መዝጊያ ትከፍቻለሽ። ይህን መክፈት ሰው ይረሳዋል፤ ጠዋት የሌሊቱ ከረጢት ባዶ፣ የሰውየው ሆድ ግን ተወጥሮ ይገኛል። ካቴተሩ ራሱ ጋ ያለው መጋጠሚያ የሚከፈተው የእግሩ ከረጢት በሚቀየርበት ቀን ብቻ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን አንዴ። በተከፈተ ቁጥር ለጀርም በር ነው። ከረጢቱ ምንጊዜም ከፊኛው በታች ይሁን፣ መሬት ግን አይንካ።

ስለ ደሙ፦ ሽንቱ ሮዝ መምሰሉ፣ ትንንሽ ክር መሳይ የረጋ ደም ማሳየቱ፣ ከእግር ጉዞ ወይም ከማማጥ በኋላ ቀላ ማለቱ የተለመደ ነው። ውሃ ይጠጣ፣ ጋደም ይበል፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እየነጣ ይሄዳል። በብርጭቆ ብትቀጂው ማዶውን የማያሳይ ወፍራም ቀይ ከሆነ፣ ወይም ቁርጥራጩ ትልልቅ ከሆነና ቱቦውን እየዘጋ ከመሰለሽ ግን አትጠብቂ፣ ደውዪ።

ሽንት መውረድ ቢያቆም በቅደም ተከተል እዪ። ቱቦው ከሥሩ ታጥፎ ወይም ተኝቶበት ይሆናል። ማሰሪያው አንቆት ይሆናል። መዝጊያው አልተከፈተ ይሆናል። ከረጢቱ ከፍ ብሎ ይሆናል። ሁሉም ደህና ሆኖ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ አቀማመጡን ለውጦ፣ አንድ ሰዓት ውስጥ ምንም ካልወረደና እምብርቱ ሥር ከተወጠረ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። ሕመም ባይኖር እንኳ ሁለት ሰዓት ካለፈ ደውዪ።

በየመሃሉ ድንገተኛ ቁርጠት ይመጣበታል፤ ሽንቱ የመጣ ይመስለዋል፣ በቱቦው ጎን ትንሽ ሽንት ወይም ደም ይፈስሳል። ፊኛው ኳሱን ሊያስወጣ እየታገለ ነው፤ ሽንት ቤት ሲቀመጥ ይብሳል። ከረጢቱ ውስጥ ሽንት እየወረደ እስከሆነ ድረስ አደጋ የለውም። ቢበዛበት እንደ ኦክሲቡቲኒን ያለ መድኃኒት ሐኪሙ ሊያዝለት ይችላል። እሱ ግን ሆድ ያደርቃል፣ ካቴተሩ ከመውጣቱ በፊትም መቆም አለበት፤ መቼ እንደሚቆም ጠይቂ።

አንድ ነገር በወረቀት ጽፈሽ የሆስፒታል ካርዱ ላይ ለጥፊልኝ፦ «ካቴተሩ በድንገት ከወጣ ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው ቡድን ሳያውቅ ማንም መልሶ አያስገባ።» ሌላ ጤና ተቋም በችኮላ ሄዳችሁ፣ የቀዶ ሕክምናውን ዓይነት የማያውቅ ባለሙያ እንደ ተራ ካቴተር ቢገፋው አዲሱን ስፌት ሊቀደው ይችላል። እናንተ ካልነገራችሁት ሊያውቅ አይችልም።

አስታማሚ

ነርሷ ካቴተሩን ጨርሳዋለች። እኔ ሰው ትኩረት የማይሰጠውን ልጨምር፦ የሆድ ድርቀት።

ከባድ ማስታገሻ አንጀትን ያስተኛል፣ ሰውየውም እንዳያመው ፈርቶ ይይዘዋል። ከዚያ ሲያምጥ ስፌቱ ላይ ጫና ይሆናል፣ ሽንቱ ይቀላል፣ ቁርጠቱ ይነሳል። ስለዚህ ከደረቀ በኋላ ከመሯሯጥ ማለስለሻ መድኃኒቱን ከመጀመሪያው ቀን መጀመር፣ በቀን 2 ሊትር ያህል መጠጣት (የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለበት ሐኪሙ የወሰነለትን)፣ በየሁለት ሰዓቱ ተነስቶ ቤት ውስጥ መራመድ ነው። ሽንት ቤት ሲቀመጥ እግሩ ሥር አነስተኛ መቀመጫ አድርጊለት፤ ጉልበቱ ከዳሌው ከፍ ሲል ሳያምጥ ይወጣል።

በፊንጢጣ በኩል የሚገባ ነገር ሁሉ ግን ክልክል ነው፦ ማጠቢያም፣ በፊንጢጣ የሚሰጥ መድኃኒትም፣ የትኩሳት መለኪያም። ፕሮስቴቱ የተላቀቀው ከፊንጢጣው ግድግዳ ላይ ስለሆነ ግድግዳው በቀላሉ ሊቀደድ ይችላል። ቢያንስ 6 ሳምንት፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ግራም ሳያልፍ፤ ጉበቱ ደህና ላልሆነ ወይም ሰውነቱ ቀጭን ለሆነ ሰው ከዚያ ያንሳል። የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ ደራርባችሁ እንዳትሰጡት። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ያለ ሐኪም አይሁኑ፤ ከደም መርጋት መከላከያው ጋር ሲሆኑ ያደማሉ፣ ኩላሊትም ይነካሉ።

መርፌው ቀድሞ የተሞላ ከሆነና ሙሉው የሚሰጥ ከሆነ ውስጡ ያለችውን የአየር አረፋ አታውጪያት፤ አረፋዋ የመጨረሻውን ጠብታ ለመግፋት ነው ያለችው። ከእምብርቱ 5 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብለሽ፣ ከቁስሎቹም ርቀሽ፣ ቆዳውን በሁለት ጣት ቆንጥረሽ ያዢ፤ መርፌውን ቀጥ አድርገሽ እስከ መጨረሻው አስገቢ፤ ፈሳሹ እስኪያልቅ ቆዳውን አትልቀቂ። ከወጣ በኋላ አትሺው፣ ይበልዛል። ዛሬ በቀኝ ከሆነ ነገ በግራ። መርፌው ሳያልቅ እሱ ስለተሻለው ብቻ አታቋርጡት፤ ብዙ ጊዜ እስከ 28 ቀን የሚሰጠው የደም መርጋት ከሆስፒታል ከወጡ በኋላም ስለሚከሰት ነው። አንዱ ባት ካበጠ፣ ሲነካ ካመመው ወይም ከሞቀ በዚያው ቀን ይታይ። ድንገት ትንፋሽ ካጠረው ወይም ደረቱን ከወጋው ግን አምቡላንስ ነው።

የቆለጡ ከረጢት አብጦ፣ ጠቁሮ ብታዪው እንዳትደነግጪ። በቀዶው ቦታ የነበረ ፈሳሽና ደም ወደ ታች ሲወርድ ነው፤ በአንድ ሁለት ሳምንት ይሟሽሻል። ሲተኛ ፎጣ ጠቅልለሽ ከሥር ደግፊለት፣ ሲነሳ ጠበቅ ያለ የውስጥ ሱሪ ይልበስ። ትኩሳት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ፣ ከቁስሉ መግል፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ ማቋረጥ ያቃተው ትውከት ካየሽ ደውዪ።

ሻወር ብዙ ጊዜ ከ48 ሰዓት በኋላ ይፈቀዳል፣ ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍ ግን አይሆንም። ከ5 ኪሎ በላይ ለ6 ሳምንት አያንሳ።

ሰናይ

ሽንት እንዳያመልጠው የኬግል ልምምዱን (የዳሌ ወለል ጡንቻን ማጥበቁን) ከአሁኑ ቢጀምር አይሻልም? ቶሎ የጀመረ ቶሎ ይደርቃል ሲባል እሰማለሁ።

ፊዚዮቴራፒስት

ቶሎ መጀመር ጥሩ የሚሆነው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው። ካቴተሩ እያለ ግን አይደረግም፤ ጡንቻው ቱቦው ላይ ሲጨብጥ ስፌቱን ይቆረቁረዋል፣ ቁርጠቱንም ያስነሳል። ካቴተሩ ወጥቶ ሐኪሙ ሲፈቅድ ነው የሚጀመረው።

ጠያቂዋ፣ ስለ ማምለጡ ልንገርዎ። ፕሮስቴቱ ከፊኛው አንገት ጋር ሆኖ ሽንት ከሚይዙት አንዱ ነበር። አሁን ሥራው ሁሉ ከሥሩ ላለው አንድ ጡንቻና ለዳሌ ወለል ጡንቻዎች ወድቋል፤ እነሱ ደግሞ ብቻቸውን መያዝ አልለመዱም። ካቴተሩ በወጣበት ቀን ቆም ሲሉ ሽንቱ ዝም ብሎ ሊወርድ ይችላል። ቀዶ ሕክምናው ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ይህን እሳቸው ከቀኑ በፊት ቢሰሙት ይሻላል።

ለዚያ ቀን የወንድ ፓድ ሁለት ሦስት፣ ፓዱን አጥብቆ የሚይዝ የውስጥ ሱሪ፣ ጠቆር ያለ ሰፊ ሱሪ፣ ለመኪናው መቀመጫ ውሃ የማያሳልፍ ጨርቅ ይያዙ። ቤት ውስጥ ደግሞ ሁለት የፍራሽ መከለያ፣ አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዲሆን። ብዙ ፓድ አስቀድመው አይግዙ፤ በአንድ ወር ውስጥ የሚያስፈልገው መጠን ይለወጣል። ሁለት ፓድ ደራርቦ ማድረግም አይሠራም። የላይኛው ጀርባው ፕላስቲክ ስለሆነ ሽንቱ ወደ ታችኛው ሳይደርስ በጎን ያመልጣል። ካቴተሩ በወጣ በ4 ሰዓት ውስጥ መሽናት ካቃታቸው፣ ወይም ጠብ ጠብ ብቻ እያለ ሆዳቸው ከተወጠረ፣ ወዲያው ይመለሱ።

ልምምዱን አብዛኛው ሰው ተሳስቶ ነው የሚሠራው። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ ብልቱን ወደ ውስጥ ለማሳጠር፣ ቆለጡንም ወደ ላይ ለማንሳት እንደሚሞክሩ ሆነው ያጥብቁ። ራቁታቸውን መስተዋት ፊት ቆመው ቢያዩት የብልቱ ሥር ትንሽ ገባ ይላል፣ ቆለጡ ከፍ ይላል። መቀመጫቸው ከተጨበጠ፣ ሆዳቸው ወደ ውጭ ከተገፋ ወይም ትንፋሻቸውን ከያዙ ልክ አይደለም፤ ሆድ ሲገፋ እንዲያውም ሽንቱን ወደ ታች እየጫኑት ነው። 5 ሰከንድ ይዞ፣ 10 ሰከንድ አርፎ፣ 10 ጊዜ፤ ይህ በቀን 3 ጊዜ። ከዚያ ፈጠን ያለ አጥብቆ መልቀቅ 10። በሳምንታት ውስጥ መያዣው ወደ 10 ሰከንድ ይደርሳል። ከዚህ አብዝተው ቀኑን ሙሉ ቢያጠብቁ ጡንቻው ይደክምና ማታ የበለጠ ያመልጣል። ሽንት እየወረደ መሃል ላይ ማቆምን ልምምድ አያድርጉት፣ ፊኛው በደንብ ሳይጸዳ ይቀራል።

ከቁጥሩ በላይ የሚጠቅመው ግን ጊዜውን ማወቅ ነው። ከወንበር ከመነሳት፣ ከማሳልና ዕቃ ከማንሳት በፊት ቀድሞ ማጥበቅ። ከጎናቸው ሆነው «አጥብቅ» ብለው ማስታወስ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይረዳል፤ ከዚያ በኋላ ለእሳቸው ይተዉላቸው፣ አለዚያ ቁጥጥር ይሆንባቸዋል።

መሻሻሉን በዓይን ግምት አይከታተሉ፣ ሁለታችሁንም ተስፋ ያስቆርጣል። የደረቀውን ፓድ በትንሽ ሚዛን መዝነው ይጻፉ፣ የረጠበውን መዝነው ይቀንሱ፤ 1 ግራም 1 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። የ24 ሰዓቱን ሁሉ ደምረው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይጻፉ። በመጀመሪያ የሚደርቀው ሌሊቱ ነው፣ ቀጥሎ ጠዋቱ፣ በመጨረሻ ከሰዓት በኋላና ማታው፤ ጡንቻው እስከዚያ ስለሚደክም። አብዛኛው ሰው ከ3 እስከ 6 ወር በጣም ይሻለዋል፣ መሻሻሉም እስከ 12 ወር ይቀጥላል። ከዓመት በኋላም ብዙ የሚያመልጥ ከሆነ መደገፊያ መረብ ወይም ሰው ሠራሽ መዝጊያ በቀዶ ሕክምና ማስገባት ይቻላል። በሌላ በኩል ማምለጡ ቆሞ የሽንቱ ጅረት እየቀጠነ ከመጣ የተሰፋው ቦታ በጠባሳ እየጠበበ ሊሆን ስለሚችል በቶሎ ይታይ።

እንዳያመልጣቸው ብለው ውሃ የሚቀንሱ አሉ፤ ሽንቱ ሲወፍር ፊኛውን ያስቆጣና ይብሳል። የሚቀነሰው ቡና፣ ጠንካራ ሻይና ጋዝ ያለው መጠጥ ነው። ፓዱ ሲቀየር ቆዳው ታጥቦ፣ ሳይፈተግ ደርቆ፣ ዚንክ ያለው ቅባት በስሱ ይቀባ። በወፍራሙ ከተቀባ ፓዱ ላይ ተለጥፎ መምጠጡን ያስቀረዋል።

መጋረጃ

ያፈራችሁበትን ጥያቄ እኔ ልመልስ፣ ጥያቄው ከሌሎቹ አያንስም።

የብልት መቆም የሚታዘዘው በፕሮስቴቱ ግራና ቀኝ ተጣብቀው በሚያልፉ ቀጫጭን ነርቮች ነው። መጀመሪያ የምትጠይቁት «ነርቮቹ ተርፈዋል? በሁለቱም ወገን ወይስ በአንዱ?» ብላችሁ ነው፤ ሐኪሙ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመልሰዋል። ቢተርፉም በቀዶው ተነካክተዋል፣ ለወራት ይደነዝዛሉ፤ መመለሱ እስከ 18 ወይም 24 ወር ሊወስድ ይችላል፣ ሁሉም ሰው ላይም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። በ3 ወር ምንም አላየንም ብላችሁ አትደምድሙ።

ፍላጎቱ፣ የቆዳው ስሜትና እርካታው የሚመጡት በሌላ መንገድ ነው፤ ብልቱ ባይቆምም እርካታ ላይ መድረስ ይቻላል። የወንድ ሆርሞኑም አልተነካም፣ የሚመረተው ቆለጥ ውስጥ ነውና። የዘር ፈሳሽ ግን ከእንግዲህ አይኖርም፤ በተፈጥሮ መንገድ ልጅ መውለድም እንደዚሁ። በእርካታው ሰዓት ትንሽ ሽንት ሊያመልጥ ይችላል፤ አስቀድሞ መሽናት ይቀንሰዋል፣ ኮንዶምም ይጠቅማል።

ብልት እንዲቆም የሚረዱት ክኒኖች፣ ሲልዴናፊልና ታዳላፊል፣ ፍላጎት ሳይነሳ በራሳቸው አይሠሩም፤ ነርቮቹ ገና ከደነዘዙም ላይሠሩ ይችላሉ። ለልብ ሕመም ናይትሬት የሚወስድ ሰው ፈጽሞ አይነካቸውም፣ የደም ግፊቱን በአደገኛ ሁኔታ ይጥሉታል። ብልቱ ላይ የሚደረግ የአየር መሳቢያ ፓምፕ ነርቩ ባይሠራም ይሠራል፤ ብልቱ ሥር የሚገባው ቀለበት ከ30 ደቂቃ በላይ አይቆይ። ብልት ላይ የሚወጋ አልፕሮስታዲልም አለ፤ ብልቱ ከ4 ሰዓት በላይ ቆሞ ከቀረ ድንገተኛ ሕክምና ያስፈልገዋል። ማንኛውንም ለመጀመር ሐኪሙ እስኪፈቅድ ጠብቁ፣ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው።

ሲነካሽ የማይርቅሽ፣ ስትነኪው የማይሸሽ ሆኖ መቆየቱ ግን ከአሁኑ ነው። ባል «ከጀመርኩ መጨረስ አለብኝ» ብሎ ስለሚፈራ ማቀፉንም ይተዋል፤ ሚስት ደግሞ እንዳትጫነው ብላ ዝም ትላለች። «ዛሬ እቅፍ ብቻ ነው የምፈልገው» ብለሽ በግልጽ ንገሪው።

የክትትሉም ነገር እንዳይረሳ። የወጣው ፕሮስቴት የፓቶሎጂ (የላቦራቶሪ ምርመራ) ውጤት ሲመጣ ጠርዙ ላይ ካንሰር መኖር አለመኖሩን፣ ከፕሮስቴቱ ውጭ ማለፍ አለማለፉን፣ ንፍፊቶች ተወስደው ከሆነም ውጤታቸውን ጠይቁና ቅጂውን ያዙ። የመጀመሪያው የፒኤስኤ (ፕሮስቴት የሚያመነጨው ፕሮቲን በደም ውስጥ የሚለካበት) ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው፤ ከ0.1 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በታች መሆን ይጠበቅበታል። 0.2 ደርሶ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ካንሰሩ እየተመለሰ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ቀጣዩን ይወስናል። መሣሪያው ሲለያይ ቁጥሩም ስለሚለያይ ሁልጊዜ አንድ ላቦራቶሪ አሠሩት።

የጓዳ መብራት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። «ነርቮቹ ተርፈዋል ወይ» የሚለውን ነገ ራሴ እጠይቃለሁ። አንድ ብቻ ቀረኝ፤ ከረጢቱን ለማየት ሌሊት በየስንት ሰዓቱ ልነሳ?

የዎርድ ነርስ

አትነሺ። የሌሊቱ ከረጢት 2 ሊትር ነው፣ እስከ ጠዋት ይበቃዋል። ከመተኛትሽ በፊት ሦስት ነገር በእጅሽ ነክተሽ አረጋግጪ፦ የመካከሉ መዝጊያ መከፈቱን፣ ቱቦው በእግሩ ላይ እንጂ በሥሩ አለመሆኑን፣ ከረጢቱ ከአልጋው በታች ተሰቅሎ መሬት አለመንካቱን። ከ20 ደቂቃ በኋላ አንዴ እዪው፤ ሽንት መውረድ ከጀመረ በቃ፣ ተኚ። ማታ ሽንቱ ቀላ ያለ ከነበረ ብቻ ለአንድ ጊዜ ደወል ሙዪ። እሱም ከፊኛው በላይ ውጥረት ከተሰማው እንዲቀሰቅስሽ ንገሪው፤ ከአንቺ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። ጠዋት ከረጢቱን መድፋቱንም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ እሱ ይልመደው፤ እጁ ደህና ነው፣ ወደ ላይ ታች ማለቱም ይጠቅመዋል።